የአያ ነጋ ማብሪያ

እመኑኝ ብዬ አልለምንም። እኔ ግን ድምፁን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ዘመኑ 1948 ዓ.ም.፣ አገሩ ጎንደር፣ ሰዓቱ ልክ ምሽት አስራ ሁለት...

ያኔ የመብራት ሠራተኛ ነበርኩ። ቀን የሰው ቤት አበራለሁ፤ ማታ መብራት ወዳልገባባት አንድ ክፍል ቤቴ ብቻዬን እገባለሁ። ኩራዝ ስለኩስ "እንደምን አመሸህ" የሚለኝ ሰው አልነበረም። ይህ በጣም ያስከፋኝ ነበር።

አንድ ቀን ወይዘሮ እንኳየሁ "ሰጠኝን ጥሩልኝ" ብለው አስጠሩኝ። ባላቸው አያ ነጋ ከሞቱ ወዲህ ጣሊያን በሠራው ሰፊ ቤት ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

የሳሎኑን ማብሪያ አሳዩኝ። የነሐስ ሽፋኑ ዳር ዳሩን የወይን ሐረግ ተቀርጾበታል። እንዲያ ያለ ሸጋ ዕቃ አይቼ አላውቅም።

"ንቀልልኝ፣ ሰጠኝ" አሉ በሹክሹክታ።

"ምነው እሜቴ? ደህና ነው እኮ።"

"ማታ ማታ በራሱ ቀጭ ብሎ ይበራል... ከዚያ አያ ነጋ 'እንደምን አመሸሽ' ይሉኛል።"

"እርስዎስ?"

"ፈርቼ... አንድ ቀን መልሼላቸው አላውቅም።"

ሐዘን ነው የሚያናግራቸው ብዬ በካቻቪቴዬ ፈታሁት። "ጣለው" ቢሉኝም አሳሳኝና ወደ ቤቴ ወሰድኩት። ለጌጥ ብዬ ጭቃው ግድግዳ ላይ በሚስማር መታሁት።

ሽቦ የለው፣ አምፖል የለው።

ፀሐይ ገባች። ክብሪት ስፈልግ...

ቀጭ።

"እንኳዬ... እንደምን አመሸሽ?"

ወደ በሩ ሸሸሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፍርሃቴ ቅናቴ በለጠ።

በማግስቱ ሲመሽ ወይዘሮ እንኳየሁ ደጄ ቆሙ።

"ቤቱ ጭር አለብኝ ልጄ። መልስልኝ።"

"ጣልኩት" አልኳቸው።

ዋሸሁ። ያም ድምፅ ቢሆን፣ የሌላ ሰውም ሰላምታ ቢሆን፣ ብቻዬን ከማመሽ ይሻለኝ ነበር።

ከኋላዬ...

ቀጭ።

"እንኳዬ... እንደምን አመሸሽ?"

ገፋ አድርገውኝ ገቡና ከግድግዳው ፊት ቆሙ።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያ ነጋ። እርስዎስ... እንደምን አመሹ?"

ቤቴ እንደ ቀን በራ። ኩራዜን አልለኮስኩም ነበር።

መልሶ ሲጨልም ወይዘሮዋ የሉም። በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ በአጠገቤ ማንም አልወጣም።

ነሐሱን ዳሰስኩት። ሞቋል።

"እንደምን አመሻችሁ?" አልኩ ለግድግዳው።

ማንም አልመለሰልኝም።