ለዘጠኝ ሰከንድ

ጨረቃ ላይ በመስታወት ጣሪያ ሥር በተቆረቆረችው በነጭ አምባ ከተማ፣ "ሳንባው አስነጠሰ" ሲባል ማንም ቀና ብሎ አያይም። ነዋሪው ሳንባ የሚለው አየር የሚያጣራውን ግዙፍ መሣሪያ ነው፤ ሁለት ናቸው። የቀኙ በየሰማንያ ሺህ ሰከንዱ፣ የግራው በየዘጠና ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አንድ ሰከንዱ፣ ለአንዲት ሰከንድ በኃይል ተንፍሶ አቧራውን ያራግፋል። ጣሪያው የአንዱን ይችላል፤ የሁለቱን በአንድ ጊዜ ግን አይችልም።

የግራው ቁጥር ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ቁጥር የለም። ስለዚህ ሁለቱ የሚገጣጠሙት በሁለት መቶ ሃምሳ ሦስት ዓመት አንዴ ነው። ሳንባዎቹ መቶ ዓመት ሲሞላቸው ስለሚነቀሉ ያ ቀን ጨርሶ አይመጣም። የሳንባዎቹ ጠጋኝ ትርንጎ፣ እነሱ ከተተከሉ ጀምሮ፣ ይህን ቁጥር ለሃያ ዓመት ስትጠብቅ ኖራለች።

አዲሱ ኃላፊ አቶ ግዛቸው ግን ሰኞ ማምሻውን፣ ሳይነግራት፣ ቁጥሩን መቶ ሺህ አደረገና ሁለቱንም ሳንባ ከዜሮ አስነሳ። ለሪፖርት ያምራል ብሎ! ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ልክ በአራት መቶ ሺህኛው ሰከንድ፣ ሳንባዎቹ አንድ ላይ አስነጠሱና የሕፃናት ክፍሉ ጣሪያ ተሰነጠቀ። ከሥሩ ተኝታ የነበረችው የትርንጎ እህት ልጅ፣ የአሥራ ሁለት ቀኗ ፍኖት ነበረች። ነርሷ አፈፍ አድርጋ ባታወጣት ኖሮ አየር አጥታ ትሞት ነበር።

ትርንጎ የግራውን ሳንባ አጥፍታ ስንጥቁን ከደፈነች በኋላ፣ በቀጥታ የአቶ ግዛቸው ቢሮ ገብታ በሠራተኛው ሁሉ ፊት የስድብ ናዳ አወረደችበት።

"ለዘጠኝ ሰከንድ ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?" አላት።

"አዎ፣ ለዘጠኝ ሰከንድ! ያቺ ዘጠኝ ሰከንድህ ልጃችንን ልትገድል ነበር!"

ነገሩ ስለከረረ ሽማግሌዎች ገቡበት። በማግስቱ ሰብሳቢያቸው ጋሽ መንበሩ ሁለቱን በከተማው አዳራሽ አስቀምጠው ሲያደምጡ ዋሉ።

"በሉ እንግዲህ፣ ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ ልቀቁ" አሉ በመጨረሻ። "አንቺ ልጄ፣ አራት ሰከንድ ጨምሪ። አንተም አምስት ቀንስ። ዘጠና ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና አምስት ይሁንና ታረቁ።"

"ጋሽ መንበሩ፣ ቁጥር አይታረቅም!" አለች ትርንጎ። "ይሄኛውን አምስት ያካፍለዋል። ሰማንያ ሺህንም አምስት ያካፍለዋል። መገጣጠማቸው አይቀርም!"

"መቼ ነው የሚገጣጠሙት?"

ወረቀት ስባ አሰላች። "ከሃምሳ ዓመት በኋላ።"

አዳራሹ እፎይ አለ። አቶ ግዛቸው እየሳቀ እጁን ለዕርቅ ዘረጋላት።

"ሃምሳ ዓመት! ያኔ ማን አለ ብለሽ ነው?"

ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ከመካከላቸው ከስድሳ ዓመት በታች የሆነ አንድም አልነበረም።

ትርንጎ እጁን አልጨበጠችም። በሩ አጠገብ ከቆመችው እህቷ ፍኖትን ተቀብላ መጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊቱ አስተኛቻት።

"ይቺ አለች" አለችው። "እስቲ ለእሷ ንገራት።"