ፊቱን ያዞረው ዓሣ

ቆቡ የለም።

ኦክቡን ከወፍጮ ቤት ያመጣችውን የሩዝ ኬክ እንደታቀፈች በረንዳው ላይ ቆመች። የተደፋው የናስ ሳህን እዚያው አለ። ከሥሩ የተነጠፈው ፎጣም አለ፤ ገና እንደራሰ ነው። ሳህኑ ላይ ሊደርቅ የተሰጣው ቆብ ግን የለም።

መጀመሪያ ነፋስ ወሰደው ብላ አሰበች። ቀጥላ ድመት አለች። ከዚያ እንደ ልማዷ ከሁሉ የከፋውን አሰበች። ያን ቀን ግን የፈራችው ሁሉ ከደረሰው አንሶ ተገኘ።

ቆቡ ለጌጥ የሚደፋ ቆብ አልነበረም። የልጇ እጅ ነበር።

የበኩር ልጇ ኢንቾል ከመርከብ መሥሪያው መሰላል ወድቆ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ ካቆመ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ባለፈው ጸደይ የአንድ ምርምር ተቋም ሰዎች መጥተው በተሽከርካሪ ወንበሩ ጎን የብረት ክንድ ገጠሙለት። ሽቦ የተሰፋበት ቆብም አጠለቁለት። ኢንቾል እጄን ላንሳ ብሎ ሲያስብ ቆቡ ሐሳቡን ከራሱ ላይ ይለቅማል፤ የብረት ክንዱም ይነሳል። ቆቡ በራሱ ልክ የተሠራና ወራት ሙሉ የእሱን ሐሳብ ሲማር የከረመ ነው። ምትክ የለውም። ነገ ጠዋት የተቋሙ ሰዎች ሊፈትኑት ይመጣሉ። ቆቡን ካላገኙት ክንዱን ነቅለው ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ይሰጡታል።

ዛሬ ምሽት ደግሞ የአባቱ ሙት ዓመት ነው። ኢንቾል ከወደቀ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በበኩር ልጅ ወግ፣ ለአባቱ ጽዋ ሊያቀርብ ነው።

"ሊየን! ኧረ ሊየን!"

አስታማሚዋ ሊየን እጅጌዋን ጠቅልላ፣ እጇ አረፋ እንደሆነ ከመታጠቢያ ቤት ብቅ አለች።

"ምነው እማማ፣ ቤቱ ተቃጠለ እንዴ?"

"ቆቡ የታል?"

"የት ይሄዳል? ሳህኑ ላይ ነው።"

"የለም!"

ከውስጥ የኢንቾል ድምፅ መጣ። "እማዬ? ምን ሆናችሁ?"

"ምንም አልሆንንም ልጄ! ሳሙናው ዓይንህ ውስጥ እንዳይገባ፣ ጨፍን!"

ሌባ ከሆነ የናስ ዕቃውንም ወስዶታል ብላ ለሟች ባሏ የሙት ዓመት ማዕድ ወደተሰናዳበት ክፍል ሮጠች። የባሏ ፎቶ በቦታው ነው። መቅረዞቹ አሉ። ጽዋዎቹ አሉ። ፍሬው፣ ሥጋው፣ የተጠበሰው ዓሣ።

ዓሣውን አየችው። ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

"ከዚህስ ምን ጠፋ?" አለች ሊየን በሩ ላይ ቆማ።

"ምንም" አለች ኦክቡን። "ከዚህ ምንም አልጠፋም።"

የተቋሙ ሰው በስልክ "አሁኑኑ ለፖሊስ አመልክቱ" አለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ መርማሪ ፒዮ መጣች። ጉንፋን የያዛት፣ ዓይነ ፈጣን ሴት ናት። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ አስተካክላ አኖረችና ገባች። ኢንቾል ጸጉሩ በፎጣ እንደተጠቀለለ ወንበሩ ላይ ነበር። የብረት ክንዱ ከጎኑ ታጥፎ ተንጠልጥሏል። ከሰማ ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ፒዮ ከሊየን ጀመረች።

"በሩ ተቆልፎ ነበር?"

"ቁልፉ ከቃሪያው ተክል ማሰሮ ሥር ነው የሚቀመጠው።"

"ይህን ማን ያውቃል?"

"ማን የማያውቅ አለ? የመንደሩ ድመት ሳይቀር ያውቃል።"

"አንቺስ የት ነበርሽ?"

"ጋሼ ኢንቾልን ሳጥብ። ቆቡ ያለ ቅባት አይሠራም፤ ሲያወልቀው ጸጉሩ ሙጫ የፈሰሰበት ነው የሚመስለው። እማማ ወፍጮ ቤት ሄደው ነበር። ውኃው ሲንሿሿ ዝሆን ቢገባም አልሰማም።"

"ለመሸጥ ይሆን?"

"ለማን? ለሌላ ራስ አይሆን። ለጎመን ማጥለያ እንኳ አይረባ።"

ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤት ድምፅ ተሰማ። "ከባዕድ ሰው ሌላ ምን ይጠበቃል!" ቀስ ብላ የተናገረች መስሏታል። ሊየን አንገቷን አላዞረችም።

"እዚህ አገር አሥር ዓመት ኖሬ" አለች፣ "ዛሬም ከቤት ስወጣ ማንኪያ ይቆጠራል።"

ኦክቡን ቶሎ ብላ ሌላ ስም ጣለች። "ሱንኒ! የማንሱ ሚስት! ተራ የሚጠብቀው ባሏ ነው። ትናንት መንደሪን ይዛ መጥታ ቆቡን እንዴት እንዳየችው! በዓይኗ ልትውጠው ነበር።"

ፒዮ ወዲያው ደወለች። ሱንኒ ከጠዋት ጀምሮ ሆስፒታል ከባሏ አልጋ አልተለየችም። ነርሷም መሰከረች። ሱንኒ ግን ስልኩን አልዘጋችም። "ቀንቼባቸዋለሁ፤ አልዋሽም" አለች እያለቀሰች። "የቀና ሁሉ ግን ሌባ ነው እንዴ?"

ኦክቡን አፈረች። ቀድሞም ሱንኒ እንዳልሆነች ታውቅ ነበር።

"እማማ፣ ለመዝገቡ የቆቡ ፎቶ ይኖርዎታል?" አለች ፒዮ።

ኦክቡን ስልኳን ሰጠቻት። ፎቶውን ያነሳችው በጠዋት ነው፤ ኢንቾል ቆቡን አጥልቆ፣ የብረት ክንዱ የዓሣውን ሳህን ማዕዱ ላይ ሲያሳርፍ። ለዚህ ረፋዱን ሙሉ ለፍቷል። ግንባሩ በላብ ተጠምቆ "አየሽ እማዬ? በእጄ!" ብሎ ነበር። በእጄ ነው ያለው። በብረቱ አላለም።

ፒዮ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በተከፈተው በር አሻግራ ማዕዱን አየች። አፍንጫዋን ተናፈጠች።

"ይህን ለሰው ልከዋል?"

"ለትንሹ ልጄ፣ ለዶዮፕ። ደስ እንዲለው ብዬ።"

"እሺ።" ስልኩን መለሰችላት። "ሊየን፣ ጃኬትሽን ልበሺ። ጣቢያ ሄደን ቃልሽን ትሰጫለሽ።"

ሊየን ጃኬቷን ለበሰች። የኢንቾልን ራስ ፎጣ አላላችለትና ወደ ኦክቡን ዞረች።

"ማታ መድኃኒቱን እንዳይረሱ። ነጩ ከምግብ በፊት ነው።"

ኦክቡን ብትናገር አንዱን ልጇን ታሳስራለች። ዝም ብትል የሌላውን እጅ ትቆርጣለች። በሁለቱ መካከል ደግሞ ይህች የሰው ልጅ አለች፤ ለእስር እየተወሰደች ነጩን መድኃኒት የምታስታውስ።

"ቆዩ!" አለች። "ዓሣው..."

ፒዮ ቆመች።

"በሙት ዓመት ማዕድ ላይ የዓሣ ራስ ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው። ኢንቾል ግን ገልብጦ ነው ያኖረው፤ ክንዱ አልዞር ብሎት። አይቼ ዝም አልኩ። ከስንት ዘመን በኋላ በገዛ እጁ ያኖረውን ላንሳበት? ግዴለም፣ አባቱ ዛሬ ከጅራቱ ይጀምር ብዬ ተውኩት። ከወፍጮ ቤት ስመለስ... ዓሣው ፊቱን አዙሯል።"

ፒዮ ተመልሳ ተቀመጠች። "ይህን ከአፍዎ እስክሰማ ነበር የምጠብቀው። እኔም የበኩር ልጅ ሚስት ነኝ እማማ፤ ወገቤ የጎበጠው እንዲህ ያለ ማዕድ ላይ ነው። የመንገድ ሌባ ናስ ትቶ ዓሣ አያስተካክልም። ማዕዱን ዓመት በዓመት ሲመራ የኖረ ሰው ግን፣ ለስርቆት እንኳ ቢመጣ፣ የተገለበጠ ዓሣ አይቶ አያልፍም። እጁ እሺ አይለውም።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ኢንቾል ከወደቀ ወዲህ ማዕዱን ሲመራ የነበረው ማነው?"

በኦክቡን ፈንታ የውጭው በር መንኳኳት መለሰላት።

ዶዮፕ የሩዝ ወይን ጠርሙስ ይዞ ገባ። በገበያው ዓሣ ይሸጣል፤ ሽታውም ቀድሞት ይገባል። "የማን ጫማ ነው በር ላይ የተሰለፈው? እንደ ወታደር!" አለና ሳቀ። አብሮት የሳቀ አልነበረም።

ፒዮ ማን እንደሆነች ነገረችው። የማዕዱን ክፍል በር ገፋ አድርጋ ዘጋችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"ከቀትር በኋላ የት ነበርክ?"

"ሱቄ።"

"ሳትወጣ?"

"ዓሣ ራሱን አይመትርም እኮ።"

"እዚህ ቤት ዛሬ አልመጣህም?"

"አሁን መምጣቴ ነው።"

ፎቶውን አሳየችው። "ይህን እናትህ ልካልሃለች። ምን ይታይሃል?"

"የተገለበጠ ዓሣ።" ከንፈሩ ጠመም አለ። "ዓሣ ገልብጦ አኖረና ቤቱ ሁሉ አጨበጨበ።"

"አሁንም እንደተገለበጠ ነው። ለአባታችሁ እንዲሁ ሊቀርብለት ነው ማለት ነው።"

"የምን እንደተገለበጠ! አስተካክዬው..."

ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ።

ጠርሙሱን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አኖረ።

"አልሰበርኩትም" አለ በመጨረሻ። "በአዲስ ፎጣ ጠቅልዬ ሱቄ መደርደሪያ ላይ ነው ያኖርኩት። ነገ ሰዎቹ ሳይመጡ ልመልሰው ነበር። የፈለግሁት የዛሬን ብቻ ነው። የዛሬዋን ጽዋ።"

"ለምን?" አለች ኦክቡን። ድምፅዋን ራሷም አልሰማችው።

"ለምን? አባዬ በሕይወት እያለ፣ በአያቶቻችን ማዕድ ላይ፣ ከኋላ ነበር የምቆመው። 'ኢንቾል ቅረብ፣ ዶዮፕ ፈቀቅ በል!' ጋሼ ሲወድቅ ያ ቦታ ለእኔ ደረሰ። የጠበስኩት እኔ፣ የደረደርኩት እኔ፣ የሰገድኩት እኔ። ዛሬ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ከፈትኩት። የብረት እጅ!" ወደ እናቱ ቀና አለ። "እማዬ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን የእኔን እጅ ፎቶ አንስተሽ ታውቂያለሽ?"

ኦክቡን እሳት ፈርታለች፤ ጎርፍ ፈርታለች፤ ትኩሳት፣ መኪና፣ የተሰነጠቀ መሰላል ፈርታለች። ይህን ግን አንድም ቀን አልፈራችውም።

"ሊየን ልትታሰር ነበር" አለች።

ዶዮፕ ወለሉን አየ።

"ጋሼ ዶዮፕ" አለች ሊየን ጃኬቷን እያወለቀች፣ "የሰረቅሁት እኔ ብሆን ኖሮ ዓሣውን አልነካውም ነበር። እኛ አገር ዓሣ ደስ ወዳለው ያያል።" ሳቅ ግን ፊቷ ላይ አልነበረም። "ይቅርታ እስክትለኝ ድረስ ከዚህ ቤት ማዕድ አልቀምስም።"

"ይቅርታ" አለ፣ አንገቱን ሰብሮ። "ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ያኔ ኢንቾል ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ።

"ዶዮፕ።"

"አቤት ጋሼ።"

"ስድስት ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ተደግፌ ጽዋዬን ስታቀርብ አየሁህ። አንተን አልነበረም የማየው፤ እጆችህን ነው። ስንቴ ጽዋው ከእጅህ ወድቆ በተሰበረ ብዬ እንደተመኘሁ ታውቃለህ?" ትንፋሽ ወሰደ። "ግን እጆችህን ደብቄብህ አውቃለሁ?"

ዶዮፕ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ወዲያው ደግሞ፣ እጆቹን ወንድሙ እያያቸው እንደሆነ ሲያስታውስ፣ አወረዳቸው።

ፒዮ አብራው ሱቁ ድረስ ሄዳ ቆቡን ይዛ ተመለሰች። በር ላይ ጫማዋን ስታጠልቅ እንዲህ አለችው፦ "ነገ ጠዋት በራስህ እግር ጣቢያ ትመጣለህ። እኔ ልወስድህ ከመጣሁ ጫማዬን አላወልቅም።"

ሊየን ለኢንቾል ቅባቱን ቀባችለት፤ ቆቡን አጠለቀችለት። በቆቡ ጠርዝ ላይ ያሉት ትንንሽ መብራቶች አንድ በአንድ አረንጓዴ ሆኑ። ኦክቡን የመጨረሻዋ እስክትበራ ትንፋሿን አልለቀቀችም።

ሻማው ተለኮሰ። ሁሉም በማዕዱ ፊት ተንበረከኩ። ዶዮፕ የሩዝ ወይኑን ቀዳ፤ የኢንቾል የብረት ጣቶች ጽዋውን ያዙ። ክንዱ ተንቀጠቀጠ። ጥቂት ፈሰሰ። ኦክቡን በልቧ ጽዋውን ሦስት ጊዜ ሰበረችው። ጽዋው ግን ከአባትየው ፎቶ ፊት ደርሶ ቆመ።

ክንዱ ወደ ቦታው አልተመለሰም። በዝግታ ወደ ዓሣው ሳህን ሄደ። ጠርዙን ያዘና ገፋው፤ ደግሞ ገፋው። የዓሣው ራስ ቀስ በቀስ ዞሮ ወደ ምዕራብ አየ።

"አባዬ ዛሬ ከጅራቱ ይጀምር" አለ ኢንቾል።

ዶዮፕ ሳህኑን አየ። የቀኝ እጁ ጣቶች ከጉልበቱ ላይ ተነሡ። አየር ላይ ቆዩ። ከዚያ ሁለቱንም እጆቹን ከጭኖቹ ሥር አስገብቶ ተቀመጠባቸው።

ኦክቡን ስልኳን ከኪሷ አወጣች። የማንን እጅ እንደምታነሳ ግን ቸገራት።