የግራዎቹ ሣጥን

«ቀኝ እጅ ወደ ላይ!» አለ የስፖርት መምህሩ። እሱ ራሱ ግን ያነሳው ግራውን ነበር።

ልጆቹ ሳቁበት። «ምን ያስቃችኋል? ፊት ለፊታችሁ እኮ ነው የቆምኩት። የእናንተ ቀኝ በእኔ ግራ በኩል ነው» አላቸው።

ቀጮ አልሳቀችም። ቀጮ የሚሏት ጓደኞቿ ናቸው፤ እናቷም ካልተናደደች በስሟ አትጠራትም። እጇ እንደተሰቀለ ክው ብላ ቀረች።

«ምን ሆንሽ? ፊትሽ አመድ መሰለ» አለቻት አጠገቧ የቆመችው ጓደኛዋ።

«ሣጥኖቹን የቀላቀልኳቸው እኔ ነኝ» አለች ቀጮ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ ቤተ ሙከራ ውስጥ ክሪስታል ታሳድጋለች። ከስኳር ቅንጣት የማይበልጡ ጥቁር አንጸባራቂ ነገሮች ናቸው። አንድ ዓይነት ይመስላሉ እንጂ እንደ ጫማ ግራና ቀኝ አላቸው። የግራ እግር ጫማ ቢያገላብጡት ቢያዞሩት ቀኝ አይሆንም፤ እነሱም እንደዚያው። በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ጥጋቸው ላይ ያለችው ትንሽ ገጽ ወይ ወደ ግራ ወይ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። ታዲያ በረዶ ራሱ ትኩስ ነው እስኪያሰኝ ድረስ ሲቀዘቅዙ፣ ኤሌክትሪክ ያላንዳች መሰናክል ያልፍባቸዋል። እናቷ ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋችው አንድ ነገር ለማሳየት ነው፦ ግራዎቹ ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ አብልጠው ያሳልፋሉ፣ ቀኞቹ ደግሞ ወደ ተቃራኒው።

ባለፈው ሳምንት የግራዎቹንና የቀኞቹን ሁለት ሣጥኖች ብትለካ ልዩነት የሚባል ነገር ጠፋ። ሦስት ጊዜ ለካች፤ ሦስቱንም ጊዜ ዜሮ። ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ባልደረቦቿ ፊት ቆማ «ተሳስቻለሁ» ልትል ነው። ያን ካለች ሥራው በዚያው ይዘጋል።

ቀጮ ደግሞ የዛሬ አሥር ቀን ቤተ ሙከራው ውስጥ ክሪስታሎቹ የሚለዩበት ጠረጴዛ ጋ ነበረች፤ ከእናቷ ማዶ፣ ፊት ለፊቷ። እናትየው ሁልጊዜ ብቻዋን ስለምትሠራ ሣጥኖቹ ላይ ምንም አልጻፈችም። ግራዎቹ በግራ እጇ፣ ቀኞቹ በቀኝ እጇ በኩል ናቸው፤ በቃ። ስልክ ተደውሎላት ስትወጣ «እስክመጣ ትንሽ ቀጥይልኝ» አለቻት። ቀጮም ግራውን በራሷ ግራ፣ ቀኙን በራሷ ቀኝ ባለው ሣጥን እየከተተች ስልሳ ያህሉን ለየች። ጎበዝ ነኝ ብላም ደስ ብሏት ነበር።

«ዝም በይ ባክሽ» አለች ጓደኛዋ ሁሉንም ስትሰማ። «ማን ያውቅብሻል? ደግሞ እናትሽን ነው የምታስቀጪው።»

ይሄ እውነት ነው። ከሠራተኛ በቀር ማንም ክሪስታል እንዳይነካ የከለከሉት የቤተ ሙከራው ኃላፊ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ በሥራ ቀልድ አያውቁም። ቀጮ ዝም ማለቱን አሰበችው፤ ለምን ይዋሻል። ግን ትናንት እናቷ እራት ላይ ሹካዋን ይዛ ሳትጎርስ የቆየችበት ሁኔታ ትዝ አላት። መምህሩን አስፈቅዳ እስከ ቤተ ሙከራው ያሉትን ሁለት መንገዶች በሩጫ አቋረጠች።

እናቷን ኮሪደሩ ላይ ወረቀቷን ይዛ አገኘቻት። ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነገረቻት። እናትየው ወደ ክፍሉ ገባች፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ያልተቀመጠችበት የማዶው ወንበር ላይ ተቀመጠችና ሣጥኖቹን አየች። ከዚያ የግራዎቹን ሣጥን ከፍታ በአጉሊ መነጽሩ አንድ በአንድ ታያቸው ጀመር።

«ግራ። ቀኝ። ቀኝ። ግራ። ቀኝ...»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ቀጮ እያለቀሰች መሰላት።

«እማ፣ ይቅርታ...»

እናቷ እየሳቀች ነበር። «አንዱ የሰጠውን ሌላው ሲያጠፋው እኮ ነው! ዜሮ ባይሆን ነበር የሚገርመው። አንቺ ልጅ፣ ገድለሽ አዳንሽኝ» ብላ ጎትታ አቀፈቻት። ቀጮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ የወረደላት ያን ጊዜ ነው። እሷም ሳቀች፤ እንባዋም መጣ፤ ሁለቱንም ባንዴ።

«በይ አሁን ወደ ትምህርትሽ» አለች እናቷ ዓይኗን እየጠረገች። «እኔ ቀላቀልኳቸው እላለሁ። አንቺን ካነሳሁ ሁለተኛ እዚህ አያስገቡሽም።»

ኃላፊው ሲገቡ ቀጮ ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። በሩ ገርበብ እንዳለ ነበር። እናቷ ስታስረዳ፣ ክሪስታሎቹ እንደገና ተለይተው ይለኩ ስትል ሰማች። ስብሰባው ለሳምንት መተላለፉንም ሰማች። እፎይ አለች። አጉሊ መነጽሩ፣ ጥቋቁሮቹ ቅንጣቶች፣ ከትምህርት መልስ እናቷ ጋ የምታሳልፈው ሰዓት፣ ሁሉም ሊተርፍላት ነው። ዝም ብላ መሄድ ብቻ ነው የቀራት።

«ሁለት ዓመት ስትለዪ አንድ ቀን ተሳስተሽ አታውቂም» ሲሉ ሰማች ኃላፊው። «ምን ነካሽ?»

«ደክሞኝ ነበር» አለች እናቷ ቀስ ብላ።

ቀጮ ከቦርሳዋ አንዱን ማንገቻ አወረደች። ከዚያ ሌላውንም። በሩን አንኳኩታ ገባች።

«ጋሼ፣ እሷ አይደለችም» አለች፤ «የቀላቀልኳቸው እኔ ነኝ።»