የተቃናችው ጣት

ጣቷ ቀጥ ብላለች።

ልጅቷ የደብተር ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ የሳለችው ሸራ ፊት ቆመች። አንዴ ራቅ፣ አንዴ ጠጋ ብላ አየችው። ጠዋት ትታው ስትሄድ የእናቷ ቀኝ እጅ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር እያስገባ ነበር፤ አሁንም እያስገባ ነው። ሌባ ጣቷ ግን፣ ያቺ ጫፏ ላይ ወደ አውራ ጣቷ ዘመም ያለችው፣ እንደ እርሳስ ቀጥ ብላለች። ጥፍሯ ላይ እንኳን ትንሽ ብርሃን አርፎባታል። ያምራል። ደሟን ያፈላውም ማማሩ ነው።

በቅጥነቷ ምክንያት ክፍሉ ሁሉ «ቀጮ» የሚላት ጓደኛዋ አብራት ገብታ ነበር። ቀጮ ስለ ሥዕል የምታውቀው ነገር ባይኖርም አስተያየት አታጣም። ትናንት ይህንኑ ሸራ አይታ ጣቷን በር ቀርጥፏት ነው ወይ ብላ ቀልዳለች።

«አሁን ገና እጅ መሰለ!» አለች። «ነፍ ያምራል፣ ሙድ ስይዝብሽ አይደለም።»

ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሳችና ልጅቷ አፏን ሳትከፍት ለሥዕል አስተማሪያቸው ላከችው። መልሱ በድምፅ መጣ። አስተማሪያቸው ሁለት ጊዜ ደጋግመው ጎበዝ አሉ። በትምህርት ቤቱ የሥዕል ዐውደ ርዕይ ላይ ልክ ከመግቢያው በር ፊት ለፊት የሚሰቀለው ይኸው ነው፤ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ሥዕል እዚያ ቦታ ተሰቅሎ አያውቅም፤ በተለይ ጣቶቹ አስደንቀዋቸዋል፤ ነገ ጠዋት ይዛ ትምጣ። ቀጮ ዘለለች፣ አቀፈቻት፣ ነገ ከፊት ሆና አብራት ፎቶ እንደምትነሳ አስጠንቅቃ ወደ ቤቷ ሄደች። ልጅቷ ብቻዋን ቀረች። ዓመቱን ሙሉ ስትመኘው የነበረ ቦታ ነው። ያገኘችው ግን ባልሳለቻት ጣት ነው።

ማን እንደነካው መጠየቅ አላስፈለጋትም። አባቷ ሰዓሊ ነው፤ ጠማማ ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል። ሰው ቤት ተጋብዞ ሄዶ ያዘመመ ፎቶ ካየ፣ ጋባዦቹ እያዩት ተነስቶ ያቃናል። አንዴ ሐኪም ቤት ወረፋ ሲጠብቅ ግድግዳው ላይ የተሳለች ላም እግሯ አጥሮ ቢያይ በእስክሪብቶ አስረዝሞላት፣ ነርሷ እንደ ሕፃን ተቆጥታዋለች። ቤት ውስጥ ሲሠራ ደግሞ ሸራውን ከፊቱ፣ ትልቅ መስታወት ከኋላው ያቆማል። ሥዕልን በቀጥታ ሲያዩት ዓይን ስህተቱን ይለምደዋል፣ ተገልብጦ ሲታይ ግን አይደበቅም ይላል። አንዳንድ ቀን ቀለም ሲደባልቅ አርፍዶ፣ ዓይኑን ከመስታወቱ ወደ ሸራው ሲያመላልስ ውሎ፣ ሲመሽ አንዲት መስመር ብቻ ጨምሮ ይነሳል። ያን ቀን ደስ ብሎት ነው የሚያመሸው።

እናቷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ልብስ ሰፊ ነበረች። ልጅቷ ይህንን እጅ ለመሳል የተነሳችው ፎቶ አይታ አይደለም፤ በፎቶ ላይ እናቷ ሁልጊዜ ቀኝ እጇን ብብቷ ሥር ትወሽቃለች። የሳለችው ከራሷ ጭንቅላት ነው። ፀጉሯን ስትሠራት መሐል ለመሐል መስመር የምታወጣው በዚያች በዘመመችው ጣት ነበር። ጫፏ ትንሽ ትቧጭራለች። ተኝታ እንኳን ግንባሯን የነካት እናቷ መሆኗን የምታውቀው በሷ ነበር። እናቷ ናፈቀቻት፣ እንዲያው በደፈናው አይደለም፣ ያቺው ጣት ናፈቀቻት።

ቀና ስትል ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን የአባቷን ሥራዎች አየች። እናቷ መስኮት አጠገብ ቆማ፣ እናቷ መጽሐፍ ይዛ፣ እናቷ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ። ከተወለደች ጀምሮ ስታያቸው የኖረቻቸው ናቸው። ወንበር ላይ ወጥታ አንድ በአንድ እጆቹን አየች። በሁሉም ላይ ጣቷ ቀጥ ያለች ናት። እስከ ዛሬ እንዴት ሳታስተውል ቀረች?

አባቷ የቀለም ማቅጠኛውን የአኳራጅ ጠርሙስ ይዞ ሲገባ ወንበሩ ላይ እንደቆመች አገኛት።

«አየሽው ቡርሼ?» አለ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም። «ሌላው ሁሉ ግሩም ነው። ጣቱ ላይ ብቻ አንድ ስህተት...»

«ስህተት አይደለም፣ አባዬ። የእማዬ ጣት እኮ ናት።»

አባቷ ጠርሙሱን እንደያዘ ቆመ። ወደ ሸራው ዞረ፣ ቀጥሎ ወደ መስታወቱ፣ እንደገና ወደ ሸራው። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ቀስ እያለ ነገራት። እናቷ ልጅ ሆና ስፌት ስትማር የመኪናው መርፌ ጣቷን ወግቷት፣ ስትድን ጠምማ ቀረች። ለመጀመሪያ ጊዜ የሳላት ቀን ሥዕሉን አይታ ተከፋች። ሌላው እንዳለ ይሁን፣ ያቺን ጣት ግን አቃናልኝ አለችው። አቃናላት። ከዚያ በኋላ ሳትጠይቀውም ያቃናላት ጀመር።

«አንቺ የሳልሻትን መስታወት ውስጥ ሳያት ስህተት መሰለችኝ» አለ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ሳቃናት ኖሬ፣ አሁን እናትሽን ሳስብ ቀጥ ብላ ነው የምትታየኝ። ጠማማዋን ረሳኋት፣ ቡርሼ። እንዴት ይረሳል?»

ልጅቷ ከወንበሩ ወርዳ አጠገቡ ተቀመጠች። ንዴቷ የት እንደገባ አታውቅም።

«ቆንጆ ነበረች እኮ» አለች።

«እኔም እላት ነበር። አታምነኝም። ለሰው እንዳታሳይብኝ ትለኛለች።»

ከዚያ አባቷ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገና እንደ ወትሮው የሙያ ነገር ያስረዳት ጀመር። እሱ የጨመረው ቀለም ገና እርጥብ ነው፤ ማድረቂያ ስላለበት ግን ነገ ጠዋት ይደርቃል። የሷ ከሥር ያለው ከደረቀ ሳምንት አልፎታል። ጨርቅ በአኳራጅ ነካ አድርጋ ብትጠርገው የላዩ ይለቃል፣ የሥሩ አይነካም። ነገ ግን አይሆንም። ምን ማድረግ እንዳለባት አልነገራትም። ጠርሙሱን አጠገቧ አስቀምጦ እጁን ሰበሰበ፤ ለሱ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ልጅቷ የመግቢያውን በር አሰበች። ወላጆች ሁሉ ገና ሲገቡ የሚያዩት እሱን ነው፤ ቀጮ ከፊቱ ቆማ ፎቶ ትነሳለች። ቀጥ ያለችውን ጣት ይዛ ብትሄድ የሷ ሥራ አይደለችም፣ የእናቷም ጣት አይደለችም። ጠማማዋን ይዛ ብትሄድ ደግሞ እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ብብቷ ሥር የሸሸገቻትን ለመንደሩ ሁሉ ማሳየት ነው። ከልጇ ግን ደብቃት አታውቅም። አንዴም።

ጨርቁን አነሳች። በመጀመሪያ ጥፍሯ ላይ ያለው ብርሃን ሄደ። እንደዚያ ያለ ብርሃን እሷ ለመሳል ገና ብዙ ዓመት እንደሚቀራት ታውቃለች፤ አሳዘናት። ቀስ ብላ ጠረገች፣ ጨርቁን ገለበጠች፣ እንደገና ጠረገች። ዘመም ያለችው ጫፍ ትንሽ ትንሽ እያለች ወጣች። አሳሳሏ ሻካራ ነው፤ አንደኛው አንጓ ከሚገባው በላይ ወፍሯል።

አባቷ ከወለሉ ተነስቶ መጣ። ወደ መስታወቱ አልዞረም።

«እሷ ናት» አለ። «ይቺው ናት።»

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትደርስ አስተማሪዋ መሰላል ላይ ሆነው፣ ከመግቢያው በር ፊት ለፊት ሚስማሩን መትተው ጨርሰዋል። መንገዱን ሁሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ነበር፤ ቀለሙ አልደረቀም፣ ወድቆ ተበላሸ። ባዶ እጇን አይተው ሥዕሉስ ሲሏት ግን ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት።

«እናቴ እሺ አላለችም» አለች።

አስተማሪዋ እናቷ ማረፏን ያውቃሉ። መዶሻውን ይዘው ከመሰላሉ መውረድ ጀመሩ። ልጅቷ መሰላሉን ደገፈችላቸውና በሱ ቦታ የማን እንደሚሰቀል ጠየቀቻቸው።