ማዚ ያላስተማሩት

ካርቶኑ ከሻጩ ከአኩንኔ እጅ ወደ ቢትሩስ እጅ አለፈ። ናሙና ነው። ሕፃናት የሞቱበት የሐሰት የወባ መድኃኒት። የቀረው ዋናውን መጋዘን ማወቅ ነበር።

ቢትሩስ የናይጄሪያዋ የጆስ ከተማ ሰው ነው፤ የስለላ ስሙ «ሸማኔ»። እዚህ ኢግቦዎች በሚኖሩባት ኦኒቻ ግን ቺዶሉዌ የተባለ ኢግቦ፣ የአሳባ ነጋዴ ሆኗል።

«እናትህ የማን ልጅ ናት?» አለ አኩንኔ።

መለሰ። አንደበቱ አልከዳውም። የኢግቦ ቋንቋ አስተማሪው ማዚ ኦዞኤሜና መስታወት ፊት አስቀምጠው ለወራት አሠልጥነውታል። «‹ገ›ን አስቀድመህ ‹በ›ን አታስከትል! ከንፈርህንም ጉሮሮህንም እኩል ዝጋ፣ እኩል ልቀቅ። ‹ኢግቦ› በል። ኧረ አንተ ሰው፣ ፍየሌ ትሻልሃለች!» የድምፅን መውጣትና መውረድም አስተማሩት፤ «አክዋ» ከፍ ብሎ ሲነገር ለቅሶ ነው፣ ዝቅ ሲል አልጋ።

አኩንኔ ለእንግዳ ክብር የሚቀርበውን የኮላ ፍሬ በሳህን አቀረበ።

ቢትሩስ አመሰገነ። አንዱን አንስቶ ፈለቀቀው።

አኩንኔ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበ።

«እንግዳ ኮላውን አይቶ ሳህኑን ይመልሳል» አለ አኩንኔ ቀስ ብሎ። «የሚመርቀውም የሚፈለቅቀውም የቤቱ ጌታ ነው። ይህን የማያውቅ የእኛ ልጅ አለ?»

«ከተማ ነው ያደግሁት፣ ጌታዬ።»

«ተው እንጂ! ማዚ አጎቴ ነው። ‹በምን ስም እንደሚመጣ አልነገሩኝም፤ ኮላውን ዘሎ የሚፈለቅቅ ካየህ ግን እሱ ነው› ብሎኛል።»

የአኩንኔ ሽጉጥ እጀታ ቢትሩስ አፍ ላይ አረፈ።

የአኩንኔ ሰዎች ስልኩን ወሰዱበት። «ከዕቃው ጋር ዝጉበት!» አለ አኩንኔ። «ሲመሽ ወንዙ ይረከበዋል።»

በሩ ሲዘጋበት ቢትሩስ ቀና አለ። ካርቶኖቹ እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል።

ዋናው መጋዘን።

ቀበቶውን አልፈቱትም። ውስጡ የተሰፋችው መሣሪያ ያለበትን ቦታ ለባልደረቦቹ ትናገር ነበር። ስለ እሷ ለማዚም አልነገራቸውም። አስተማሪውንም ቢሆን አላመነም ነበር።

ከመምሸቱ በፊት ፖሊሶች በሩን ሰበሩት። አኩንኔ ተያዘ። ማዚ ግን ከቤታቸው አልተገኙም።

ሐኪሙ የቢትሩስን የተሰነጠቀ ከንፈር ሰፋው። «ይድናል» አለ። «አነጋገርህ ግን እንደ ድሮው አይሆንም። ሌላ ሥራ ፈልግ።»

ወደ ጆስ ሲመለስ በኤኑጉ መናኸሪያ አንዲት ሻጭ በቅጠል የተጠቀለለ የጥራጥሬ ምግብ፣ ትኩስ ኦክፓ፣ አቀረበችለት።

«ወንድሜ፣ ስንት ልስጥህ?»

ሁለት ጣቱን አሳየ።

«ምስኪን፣ ዲዳ ነው» አለቻት ለጓደኛዋ፣ ድምፅዋን እንኳ ሳትቀንስ።

«መልኩ ግን የእኛ ልጅ ነው» አለች ጓደኛዋ።

ቢትሩስ ሒሳቡን ከፍሎ ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ሳበና አውቶቡሱ ላይ ወጣ።