የጂቱ አድራሻ

ጂቱ ከባሏ ዱላ ሸሽታ ጎጆ ከተማ በተከራየቻት ክፍል ውስጥ፣ ረቡዕ ቀትር ላይ በገዛ ነጠላዋ ታንቃ ተገድላ ተገኘች። ልጇ ለንሳ ያን ሰዓት ትምህርት ቤት ነበረች። የጎጆ ፖሊስ ነገሩን ሳያብላላ አከራይቱን እትዬ ደብሪቱን አሰረ፤ በሩ አልተሰበረም፣ ግቢው ውስጥም ሌላ ሰው አይኖርም። አስከሬኑ አምቦ ሆስፒታል ሄደ። ባልየው ባይሳም ከባኮ መጥቶ «ልጄን ስጡኝ» አለ። እናት ከሞተች አሳዳጊው አባት ነውና፣ አርብ ዘጠኝ ሰዓት አምቦ ፖሊስ ጣቢያ ሊረከባት ተቀጠረ። ለንሳ ይህን ስትሰማ በአክስቷ በጃለኔ ቀሚስ ውስጥ ተሸጎጠች።

ኢንስፔክተር ወርቅቱ ሐሙስ ጎጆ ደረሰች። ክፍሉ ውስጥ ዓይኗ የገባው ጥቂት ነገር ነው፦ በሩን ከውስጥ የሚዘጋ የብረት መወርወሪያ፣ ለእንግዳ የቀረበ አንድ በርጩማ፣ ወለሉ ላይ የተረገጠ እርጥብ የሰርዶ ሣር።

«ለእኔም እንኳ በመስኮት አይታ ነበር የምትከፍተው» አለቻት የታሰረችው ደብሪቱ። «ወፍጮ ቤት ነበርኩ ብል ማን ይስማኝ?»

ባይሳን አምቦ ሆስፒታል አገኘችው። የበቆሎ ነጋዴ ነው፤ ሲያለቅስ ዓይኑ አይረጥብም።

«ጎጆ መኖሯን የሰማሁት እናንተ ስትደውሉልኝ ነው» አለ።

«ቤቱን ሄደው አዩት?»

«ምን ልቤ ችሎ! ቀጥታ ሆስፒታል ነው የመጣሁት። ያቺን አከራይ ግን እንዳትለቋት። ያን የመሰለ የብረት መወርወሪያ ያለው በር ለሌላ ለማን ይከፈታል?»

ወርቅቱ ቃሉን ጻፈች። የጂቱን ፍቺ የያዘው ጠበቃ ሚልኬሳ ደግሞ አድራሻዋን ማን እንደሚያውቅ ስትጠይቀው ኮራ ብሎ ነው የመለሰላት።

«ክሱ ላይ በእሷ አድራሻ ፈንታ የጻፍኩት የቢሮዬን ነው። ለባል ወገን ትንፍሽ አላልኩም።»

«ለሌላስ?»

«ለማንም» አለ፤ ጆሮው ግን ቀላ።

አርብ ሁሉም ጣቢያው ተሰበሰቡ። ወርቅቱ የባይሳን አጎት፣ በዕርቅ የታወቁትን ሽማግሌ ኦቦ ገቢሳንም አስጠርታለች።

«ጂቱ በመስኮት አይታ ከፈተች» አለች። «ያየችው እርጥብ ሣር ነው። በእኛ አገር ሣር ይዞ ደጅ ለቆመ ዕርቅ ለማኝ በር አይዘጋም።»

ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

«ልጄ፣ እኔ አልሄድኩም» አሉ።

«አውቃለሁ ኦቦ። ሽማግሌ ለዕርቅ ብቻውን አይሄድም፤ የቀረበው በርጩማ ግን አንድ ነው። እምቢ ቢሉትም ሣሩን ይዞ ይመለሳል እንጂ አይረግጠውም። የት እንዳለች ግን ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር። እሑድ ልንሄድ ነበር። ማክሰኞ ለባይሳ ነገርኩት፤ ልብህን አዘጋጅ ብዬ።»

«ውሸት ነው» አለ ባይሳ።

«ቤቱን አላየሁም ብለውኛል» አለችው ወርቅቱ። «መወርወሪያው ከውስጥ ነው፤ በሩ ተዘግቶ ውጭ ለቆመ ሰው አይታይም። እኛም ለማንም አልተናገርንም። የት አዩት?»

ባይሳ ዙሪያውን ቃኘ። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመዋል።

«ሣር ይዤ ለመንኳት» አለ በመጨረሻ። «እምቢ አለችኝ።»

ወርቅቱ ወደ ሽማግሌው ተመለሰች። «ለእርስዎስ ማን ነገረዎት?»

ኦቦ ገቢሳ ጠበቃውን አዩት።

«ያሳደጉኝ ሰው ናቸው» አለ ሚልኬሳ አንገቱን ደፍቶ። «ላስታርቅ ሲሉኝ እንዴት እምቢ ልበል? ለበጎ መስሎኝ ነው።»

«ጂቱን አስፈቅደዋል?»

«አልጠየቅኋትም።»

«እርስዎን የወከለችው ምስጢሯን እንዲጠብቁ ነው፤ የእሳቸውን ውለታ በእሷ ነፍስ እንዲከፍሉ አይደለም» አለች ወርቅቱ።

ባይሳ ታሰረ፤ ደብሪቱ ተፈታች። ጃለኔ ለንሳን ይዛ ስትወጣ ሚልኬሳ ደጅ ላይ ደረሰባት።

«የባይሳ ዘመዶች ልጅቷን መጠየቃቸው አይቀርም። የሞግዚትነቱን ጉዳይ በነፃ ልያዝልሽ» ብሎ የውክልና ወረቀት ዘረጋላት።

«እህቴ ከባይሳ ሸሽታ አንተ ጋ መጣች» አለች ጃለኔ። «እኔ ከአንተ ሸሽቼ ማን ጋ ልሂድ?»

በነፃ የሚይዝላት ሌላ ጠበቃ እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። ጃለኔ ብዕሩን ተቀብላ ፈረመች፤ የአድራሻውን ቦታ ግን ባዶ ተወችው።