የይስማው ግማሽ

ፍፁምን መጀመሪያ ያየሁት ካርቱም፣ ባሕሪ የሚባለው ሰፈር፣ የሚሠራበት የስልክ ጥገና ሱቅ ውስጥ ነው። የሱዳኑ ጦርነት ከመጀመሩ በፊት ነው። ካቻቢቴ በጥርሱ ነክሶ ስልኬን ሲፈታ ቀና አለና ፈገግ አለልኝ። ልቤ ድንግጥ አለ! ወዲያው ግን «ይሄ ለስንቷ ፈገግ ብሏል?» አልኩ። እኔ እንዲህ ነኝ፤ ደስታዬን እንኳ ሳልመረምር አልቀበልም።

ተዋደድን። ሽማግሌ ሊልክ ቀን ቆረጠ።

አንድ ቅዳሜ ጀብራ ሰፈር፣ ፍፁም ከጓደኛው ከይስማው ጋር የተከራየው ቤት ሄድኩ። ፍፁም ዳቦ ሊገዛ ወጣ። ፊልም ላይ ብዬ ላፕቶፑን ስከፍት ሃርድ ዲስኩ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ ክፍል ወዲያው ተከፈተልኝ። ሌላው የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ስሜን ጻፍኩ። እምቢ! የልደት ቀኑን ጻፍኩ። እምቢ!

ካርቱም ያለች አበሻ ምን እንዳሰበች አትጠይቁኝ። ስንቱ ነው አንዷን እያፈቀረ፣ ከሌላዋ ጋር በወረቀት ተጋብቶ ወደ ካናዳ የሚወስደውን ፕሮሰስ የሚጠብቀው!

ፍፁም ዳቦውን ይዞ ገባ።

«ምን ሆንሽ የኔ ቆንጆ?»

«ይሄ የተቆለፈው ምንድነው?»

«እሱ የኔ አይደለም።»

«በአንተ ኮምፒውተር ውስጥ?»

«ወላሂ የኔ አይደለም፣ ዮሐና!»

«ወላሂህን ተወኝ! ማርያምን በል!»

«ማርያምን!»

«እንግዲያው ክፈተው።»

«የይለፍ ቃሉን አላውቀውም። ባውቀውም አልከፍተውም።»

«ፕሮሰስ አለህ አይደል? ከማን ጋር ነው?... ሽማግሌ የሚባል ነገር አባቴ ደጅ እንዳትልክ!»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። እንባው ይበልጥ አንገበገበኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ስወጣ ይስማውን በሩ ላይ አገኘሁት። ጩኸቴን ከመንገድ ሰምቶታል።

«ዮሐና፣ የኔ ነው» አለ። «ላፕቶፑን በጋራ ነው የገዛነው። ፍፁም ዲስኩን ለሁለት ከፈለው፤ ግማሹ የሱ፣ ግማሹ የኔ። የምንተኛው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ለብቻዬ የምለው ነገር ያለኝ እዚያ ብቻ ነው።»

ወደ ፍፁም ዞርኩ። «የይስማው ነው ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«እሱን ትይዢዋለሽ ብዬ ነዋ! ምን ደብቀህ ነው ብለሽ ታስጨንቂዋለሽ።»

«ሁለታችሁም ተመካክራችኋል!» አልኩ። አላመንኩም፤ ምን ላድርግ?

ይስማው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የይለፍ ቃሉን መጻፍ ጀመረ። ላብ አጠመቀው።

«ተው ይስማው!» አለ ፍፁም። ድምፁ ተሰበረ። «ለኔ ብለህ አታድርገው። የምትሄድ ከሆነ... ትሂድ።»

ትሂድ! እንደሚወደኝ አውቃለሁ። እኔን ላለማጣት እንኳ የጓደኛውን ገበና አልሰጠኝም። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው የኔን ገበና ለማን ይሰጣል?

ላፕቶፑን ከይስማው እጅ ነጥቄ ከደንኩት።

«አመንሽኝ?» አለኝ ፍፁም።

«አላውቅም!» አልኩት እያለቀስኩ። «ግን ማየት አልፈልግም። ሽማግሌዎቹን እሁድ ላካቸው።»

ላካቸው። አባቴም እሺ አለ።

በይስማው ግማሽ ውስጥ ምን እንዳለ ዛሬም አላውቅም። ልጠይቅ ልጠይቅ ይለኛል፤ መልሼ እውጠዋለሁ።